የሽቦ መስቀያው ጥድ

ባለፈው ማክሰኞ ልጄ የቀጠረው አናጢ የቤቴን ምሰሶ በመጋዝ ሲነካው የጥድ ሽታ ወጣ። እኔ ደጅ፣ ግድግዳው ጥግ ካለችው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ፀሐይ እየሞቅሁ ነበር። ሽታው አፍንጫዬ ሲገባ ምርኩዜን ሳልፈልግ ተነሣሁ፤ ጉልበቴን የሚያውቅ ሰው ቢያየኝ ይደነቅ ነበር። ይህ ምሰሶ ቤቴ ውስጥ ከቆመ ስድሳ ዓመት አልፎታል። ጭስ ጠጥቶ ጠቁሯል፤ ላዩን ቢያሸቱት ጭስ ጭስ ከማለት በቀር ምንም የለውም። ውስጡ ግን ትናንት የተቆረጠ ይመስላል። ልጄ አሮጌውን ቤት አፍርሶ የብሎኬት ቤት ሊሠራልኝ ቆርጦ ተነሥቷል፤ እኔም አልከለከልሁትም። ለጭቃ የማለቅስ ሴት አይደለሁም። ግድግዳው ጎብጧል፣ ቆርቆሮው ወንፊት ሆኗል፣ በክረምት ሳፋና ባልዲ አልጋዬን ከበው ነው የሚያድሩት። ያልሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ምሰሶው አብሮኝ ይሄዳል አልሁ። «እማዬ፣ የብሎኬት ቤት ምሰሶ ምን ያደርግለታል?» ቢለኝ፣ «እናትህ ትደገፈዋለች» አልሁት። ስለዚህ ለአዲሱ በረንዳ ቋሚ እንዲሆን አናጢው ምሰሶውን መሬት ላይ አስተኝቶ ከአናቱ ሊያሳጥረው ጀመረ።

አናጢው ጨዋ ልጅ ነው፤ ስልኩን ኪሱ ውስጥ እያዘፈነ ይሠራል። መጋዙ ትንሽ እንደሄደ ጮኸና ቆመ። «እማማ፣ እዚህ ውስጥ ሚስማር አለ» አለኝ። አዎ፣ አለ፤ ማን እንደመታውም አውቃለሁ። ከዚያ መዳፉን ግንዱ ላይ እያንሸራተተ ወደ ታች ወረደና በሰው ደረት ልክ ያለችውን ጉጥ አገኛት። «ይህችንስ በመላጊያ ላስተካክላት? ያለቦታዋ ናት፤ አታምርም» አለኝ። ቆይ አልሁት። ቆይ ብዬው ተመልሼ ድንጋዬ ላይ ተቀመጥሁ፤ እሱ ሚስማሩን ለመንቀል ሲታገል እኔ እዚህ አልነበርሁም።

አባቴ ዛፍ መልማይ ነበር። ዛሬ ይህ ሥራ ነው ቢሏቸው የልጅ ልጆቼ ይስቃሉ። እርሻው እንደማንኛውም ሰው ነበረው፤ ገብስ ይዘራል፣ በጎች ያረባል። ነገር ግን መስቀል ካለፈ ጀምሮ ዝናብ እስኪገባ ድረስ ሰው የሚፈልገው ለበሬው ሳይሆን ለምሳሩ ነበር። ጣሪያ ላይ ያዘነበለ ግራር ያለበት፣ መብረቅ የሰነጠቀው ወይራ ያለበት፣ የኮሶ አበባ ቅርንጫፉ ሳይሰበር እንዲወርድለት የሚፈልግ ሁሉ ይጠራዋል። ያን ጊዜ በየሁለት ወሩ ኮሶ የማይጠጣ ሰው አልነበረምና ኮሶ አውራጅ ከሐኪም አያንስም። እስከ ሉማሜ ድረስ በበቅሎ እየተላከበት የሄደበት ጊዜ ነበር። የአንድ ቀን ምልመላ አንድ አሞሌ ጨው ነው፤ ባለቤቱ ቸር ከሆነ ቅል ሙሉ ማር ይጨምራል። ዛሬ አሞሌ ስል ልጆቹ ዘይት የምገዛበት ብር ይመስላቸዋል፤ አሞሌ የሚላስ ገንዘብ ነበር እላቸዋለሁ። ልብሱም አንድ ነበር፤ ከጉልበቱ በታች የሚጠብቅ ተነፋነፍ ሱሪ፣ ወገቡ ላይ የተጠመጠመ መቀነት፣ ብርድ ሲሆን ቡልኮ። ቡልኮውን አጣጥፎ ከዛፉ ሥር ያስቀምጥና ምሳሩን ሳይነካ ዛፉን ሦስት ጊዜ ይዞረዋል። ምን እያደረገ እንደሆነ ብጠይቀው፣ «ወዴት ለመሄድ እንዳሰበ ሳላውቅ መንገዱን ልዝጋበት?» አለኝ።

እኔ ያን ጊዜ የመጀመሪያ ባሌን ፈትቼ አባቴ ቤት የተመለስሁ ሴት ነበርሁ። ሃያ ቢሞላኝ ነው። ለምን ፈታሽው ለሚለኝ መልሴ አጭር ነበር፤ ስንፍናውን አልወደድሁለትም። እናቴ ሞታለች፣ አባቴን ቁርጥማት ጉልበቱን ይዞታል፣ ዛፉ ደግሞ ካልወጡበት አይለመለምም። ስለዚህ እኔ ወጣሁ። አሮጌ ተነፋነፉን ከቀሚሴ ሥር አጥልቄ፣ ከበሬ ቆዳ የተገመደውን መጫኛ ወገቤ ላይ አስሬ፣ እሱ ከታች «ግራ እግርሽን፣ ቀኝሽን» እያለ እኔ ከላይ እቆርጣለሁ። ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላቸው እየያዙ ያልፉ ነበር። አንዷ ባልቴት ቀርባ «አያ ቢያድግልኝ፣ ሴት ልጅ ዛፍ ላይ ታወጣለህ?» ብትለው፣ «ዛፉ ሴት ወንድ አይልም፤ የሚረግጠው እግር ከቀለለለት ይበቃዋል» ብሎ መለሰላት። እውነቱን ልናገርና፣ ከእሱ የበለጠ እወጣ ነበር። እሱም ያውቀው ነበር።

አባቴን «አባየ» ነበር የምለው፤ የአባየ ቁርጥ ሕግ ነበረው። መጀመሪያ ከታች በኩል ትንሽ ትነክሻለሽ፣ ቅርንጫፉ ሲወድቅ ልጡን ይዞ እንዳይወርድ። ከዚያ ከላይ። ቁርጡ ዝናብ እንዳያቁር ያዘንብላል። ከግንዱ ርቆ ጉማጅ አይቀርም፤ ግንዱንም አይነካም። በመጨረሻ ትኩስ የላም እበት በአመድ ለውሰሽ ቁስሉን ትቀቢዋለሽ። «ቁስል ክፍት አያድርም» ይላል። ሌላው ሕግ ደግሞ ግማሽ ሥራ መተው የለም፤ የጀመርሽውን ዛፍ ጨርሰሽ ነው የምትወርጂው። በመንገድ ስንሄድ ዛፍ አይቶ፣ «ይህ የእገሌ እጅ ነው፤ ቸኩሏል» ሲል እኔ እስቅ ነበር፤ ኋላ ግን እኔም መለየት ጀመርሁ። ሰው በእጅ ጽሑፉ እንደሚታወቅ መልማይም በቁርጡ ይታወቃል። ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ዘመን፣ ካረጀሁ በኋላ ነው፤ የእጄን ቁርጥ ግን በሃያ ዓመቴ አውቀው ነበር።

ከቤታችን በላይ፣ ወደ ጮቄ የሚያወጣው መንገድ ዳር፣ አንድ ጥድ ነበረ። አባየ ክርስትና የተነሣ ቀን አያቴ የተከለው ነው። አባየ በስሙ አይጠራውም፤ «እኩያየ» ነው የሚለው። በየዓመቱ ለቅዱስ ዮሐንስ ዕለት ጀርባውን አስደግፎ ይቆምና፣ «እሱ ያድጋል፣ እኔ አጥራለሁ» እያለ ይስቃል። ቀጥ ያለ ነበር፤ እንደዚያ ቀጥ ያለ ዛፍ ከዚያ በኋላ አላየሁም። ደክሞት ሲመጣ ቤት ከመግባቱ በፊት እዚያ ይቆማል፤ ምን እንደሚባባሉ እንጃ። እኔ ያን ዛፍ እንድወጣ አንድ ቀን ፈቅዶልኝ አያውቅም።

ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ። ሮብ ገበያ ላይ ፉርኖ ዱቄት መሸጥ የጀመረበት፣ ሴቶች ጥልያን ያመጣውን የወረቀት ገንዘብ አንቀበልም ብለው በጠገራ ብር የሚምሉበት፣ የሳርዲን ቆርቆሮ ኩራዝ የሆነበት ዘመን ነው። ጥልያኖች ከመንደራችን ፊት ለፊት ካለው ጉብታ ላይ ምሽግ ሠሩ። አዛዣቸውን ተነንቴ እንለው ነበር፤ ስሙ ይመስለን ነበር፣ ለካ ማዕረጉ ነው። ቦት ጫማው ከጉልበቱ የሚደርስ፣ ፊቱን ፀሐይ ያቀላው፣ ቁመቱ አጠር ያለ ሰው ነበር። አንድ ቀን ሰዉን ሁሉ ሰበሰበና በአስተርጓሚው አፍ ተናገረ። ከምሽጉ እስከ ወንዙ ድረስ ያለው ዛፍ ሁሉ አርበኛ ይሸሸግበታልና ይቆረጣል፤ አንድ ቅጠል እንዳይቀር። በስምንት ቀን ካልተቆረጠ ወታደሩ መጥቶ ከሥሩ ፈንቅሎ ያቃጥለዋል፤ መንደሩንም ጨምሮ። ሰዉ አጉረመረመ፤ አንዳንዱ ከመቁረጥ መሞት ይሻላል አለ። አባየ ግን ከመሐል ወጥቶ፣ «እኔ እቆርጠዋለሁ» አለ። ያን ጊዜ የመንደሩ ዓይን ሁሉ እንዴት እንደዞረበት አሁንም ይታየኛል።

አባየ ዓይናቸውን ትቶ ወደ አስተርጓሚው ዞረ። «ለጌታህ ንገርልኝ። ወይራውንና ኮሶውን ከጉልበት ከፍ አድርጌ ልቁረጠው፤ ጉቶው የበቅሎ ማሰሪያ ይሆናችኋል። የስልኩን ሽቦ ደግሞ ከማርቆስ ድረስ እንጨት እየተከላችሁ ነው ያመጣችሁት። ይኸ ጥድ የተተከለ እንጨት ነው፤ ምስጥ አይበላው፣ አይበሰብስ። ቅርንጫፉን ላውርድለትና ሽቦውን ይሸከምላችሁ።» አስተርጓሚው ተረጎመ። ተነንቴው ጥዱን ከእግር እስከ ራሱ አየው፤ ወደደው፤ በጅራፉ እጀታ ቦት ጫማውን መታ መታ አድርጎ ሄደ።

ሰባት ቀን ቆረጥን። እኔ እያለቀስሁ ነበር። አባየ ዕድሜ ልኩን የተንከባከበውን ወይራ ሲጥል እንደ ወትሮው ቁርጡን ያዘነብለዋል፣ ልጡን ይጠብቃል፣ እበትና አመድ ያስቀባኛል። «አባየ፣ ለሞተ ዛፍ እበት ምን ያደርግለታል?» አልሁት። «ልማድ ነው» አለኝ። ሰዉ ግን ከሩቅ ቆሞ ያይ ነበር። በወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል፤ በአባየም በዛበት። የማርያም ማኅበርተኞቹ ጽዋው ለእሱ ሲደርስ ያልፉት ጀመር። የጎረቤታችን ልጅ የሺ ደግሞ ድምፅዋ ማር ነው፤ እኔን ምንጭ ላይ ስታየኝ እንስራዋን እየሞላች እንዲህ ብላ ዘፈነች፦

ዛፍ መልማይ ነበረ ዛፍ አዳኝ ስንለው፣
ለጥልያን አጎንብሶ ወይራን ገነደለው።

ሴቶቹ ተቀበሏት። እንስራዬን ሳልሞላ ተመለስሁ። አባየ ሰምቶ ነበር፤ ዘፈን እግር አለውና ከእኔ ቀድሞ ደርሶታል። «ዜማው ደግ ነው» አለኝና ምሳሩን መሳል ቀጠለ።

በስምንተኛው ቀን የጥዱ ተራ ደረሰ። እኔን አላስጠጋኝም፤ በዚያ በታመመ ጉልበቱ ራሱ ወጣ። ጠዋት ወጥቶ ከጫፉ ጀምሮ አንድ በአንድ እያወረደ ቀኑን ሙሉ ሠራ። ሲወርድ ጀንበር ልትገባ ነው። ቡልኮውን አንሥቶ ዛፉን ሳያይ ቤት ገባ። በማግሥቱ ወታደሮች መጥተው አናቱ ላይ ትልቅ ሚስማር መቱበት፣ ሽቦ መያዣ ነጭ ሸክላ አሰሩበት፣ ሽቦውን ዘረጉበት። አባየን ደግሞ እንጨት ፈልጥ ብለው ይዘውት ወደ ምሽግ ሄዱ፤ ከሰዓት በኋላ ተነንቴው ሥራውን ሊያይ እንደሚመጣም ነገሩን።

እነሱ ሲሄዱ ጥዱን ላየው ወጣሁ። ከፊት ለፊት ሲታይ ራቁቱን የቆመ እንጨት ነው። ዞር ብዬ ከጀርባው፣ በእኛ ቤት በኩል ሳየው፣ በደረቴ ልክ አንዲት ክንድ የምታህል ቅርንጫፍ ቅጠሏን ይዛ ቀርታለች። ልቤ ተሰበረ፤ ለዛፉ ሳይሆን ለአባየ። አረጀ አልሁ። መሸበት፣ ጉልበቱ አሠቃየውና ረሳት። ዕድሜውን ሙሉ ግማሽ ሥራ ትቶ የማያውቅ ሰው። አንድ ቅጠል እንዳይቀር ተብሎ ታዟል፤ ተነንቴው መጥቶ ቢያያት በዚያ ጅራፍ ጀርባውን ይልጠዋል። ደግሞ ልደብቀው የማልችለው ሌላም ነገር ነበር፤ የአባቴን ስሕተት በማረሜ ውስጤ ደስ ብሎት ነበር። ምሳሬን አመጣሁ። መጀመሪያ ከታች፣ ከዚያ ከላይ፣ ያዘነበለ፣ ግንዱን ያልነካ። ከበረቱ ትኩስ እበት አምጥቼ በአመድ ለወስሁና በመዳፌ አለሰለስሁት። በሕይወቴ ካሳመርኋቸው ቁርጦች አንዱ ነው።

ተነንቴው መጣ፣ አየ፣ ሄደ። አባየ ከሱ በኋላ ምሳሩን ትከሻው ላይ አድርጎ እያነከሰ ደረሰ። ቤት አልገባም፤ በቀጥታ ወደ ጥዱ ጀርባ ዞረና ቆመ። እኔ ሊያመሰግነኝ ነው ብዬ ተከትየዋለሁ። ሲዞር ያየሁትን ፊት ከዚያ በፊት እናቴን የቀበርን ቀን ብቻ ነው ያየሁት። «ማነው?» አለኝ። ምን እንዳጠፋሁ አላወቅሁም፤ ማጥፋቴን ግን ከፊቱ ላይ አነበብሁ። ምላሴ ከልቤ ቀደመ። «ወታደሮቹ ናቸው፤ ሽቦ ሲሰቅሉ ቆረጧት» አልሁ። አባየ ጎንበስ ብሎ ቁርጡን በአውራ ጣቱ ዙሪያውን ዳሰሰው። ከእበቱ ትንሽ ቆንጥሮ አሸተተ። «እንግዲህ ይሁን» አለና ገባ። አመነኝ ብዬ ተነፈስሁ።

ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ፣ የገበያ ቀን ነበር፣ ሁለት ሰዎች የማር ገንቦ ተሸክመው ከገበያ ተመላሽ መስለው ቤታችን ገቡ። ከቡልኳቸው ሥር ጠመንጃ ነበር። አባየ ቦታ ለቀቀላቸው፤ እኔ ጠላ ቀዳሁ። ሽበታሙ አርበኛ አንድ ጊዜ ተጎነጨና ዋንጫውን አስቀመጠ። «አያ ቢያድግልኝ፣ ስምዎ በክፉ ተነሥቷል። ባንዳ ሆነ ይላሉ። እኛ በወሬ አንፈርድም፤ ከአፍዎ እንስማ ብለን ነው» አለ፣ በጣም በትሕትና። አባየ ጠላውን ጠጥቶ ጨረሰ።

«ወይራ ቆራጩን ይቀብራል እንጂ አይሞትም» አለ ቀስ ብሎ። «ጉቶው ደህና ከተቆረጠ ያቆጠቁጣል። ኮሶውም እንደዚያው። እነሱ ቢቆርጡት ኑሮ ከሥሩ ፈንቅለው ያቃጥሉት ነበር፤ አልሰማችሁም? እኔ የቆረጥሁት እንዲመለስ ነው።»

«ጥዱስ?» አለ ሁለተኛው።

«ጥድ ሌላ ነው። ጥድ ቅጠሉ ካለቀ አለቀ፤ ከግንዱ አያቆጠቁጥም። ለነፍሱ አንዲት ቅርንጫፍ በጓሮ በኩል ትቸለት ነበር፤ በሷ እየተነፈሰ ሽቦውን ተሸክሞ ይህን ክፉ ቀን ያልፋል ብየ።» ባዶ ዋንጫውን አስቀመጠ። «ወታደሮች ቆረጧት።»

እኔን አላየኝም። እኔ ግን ማንቆርቆሪያውን እንደያዝሁ ጠላው ከዋንጫው አልፎ በሰውየው ጉልበት ላይ ሲፈስ አላየሁም። ሰውየው «ግድየለም እታለም» አለኝ። አባየ ቀጠለ፦ «እስከ ፍልሰታ ጠብቁኝ። ወይራው ካላቆጠቆጠ ኑና እዚያው ጉቶው ላይ አንገቴን ቁረጡ፤ ቁመቱ ለዚህም ይሆናል። እስከዚያ ግን ለማንም እንዳትነግሩ፣ ለመንደሩም። ይኸ ወሬ ተነንቴው ጆሮ ከገባ ጉቶውን ይነቅለዋል።» ሽበታሙ ተነሥቶ «እስከ ፍልሰታ» አለ፤ ገንቧቸውን ተሸክመው ወጡ።

እንግዲህ የአባቴ አንገት በወይራ ጉቶ ላይ፣ የጥዱ ነፍስ በእኔ እጅ ላይ ሆነ። መናገር ነበረብኝ። ስንት ጊዜ አፌን ከፍቼ ስለ በጎቹ እንዳወራሁ እኔ አውቃለሁ። ቁጣውን ፈርቼ አይደለም፤ አባየ አይቆጣም። የፈራሁት ከዚያ በኋላ ምሳር ሲያቀብለኝ እጁ እንዳያመነታ ነው። እናት የለኝ፣ ባል የለኝ፤ በዚያ ዘመን የነበረኝ ሀብት የአባቴ በእጄ ላይ ያለው እምነት ብቻ ነበር። ስለዚህ የሞኝ ሥራ ሠራሁ፤ ጠዋት ጠዋት ከምንጭ እንስራ ሙሉ ውኃ እያመጣሁ ጥዱ ሥር አፈስስ ነበር። ጥድ ከሥሩ ሳይሆን ከቅጠሉ እንደሚኖር ከአባየ አፍ ሰምቼም አፈስስ ነበር። አባየ አንድ ቀን አየኝ። «ሰኔ እየመጣ ነው፤ አትድከሚ» ብቻ አለኝ።

ሰኔ መጣ። ዝናቡ ሲጥል እኔ ወይራው ጉቶ ሥር ተቀምጬ እንደ ኮርማ ጠባቂ ስመለከተው እውል ነበር። ሐምሌ ሲጋመስ በልጡ ላይ ምስር የምታህል ነገር ብቅ አለች፤ በሳምንቱ ቅጠል ሆነች። ከዚያ ማን ያቆመዋል። ከዚያም ከዚህም ፈላ፤ ኮሶውም ዘግይቶ ተከተለ። ተነንቴው ከጉብታው ላይ ሆኖ ሲያይ ቁጥቋጦ ነው፤ ቁጥቋጦ ደግሞ ሰው አይሸሽግም። በፍልሰታ ሁለቱ ሰዎች መጡ፣ የወይራውን ቅጠል በጣታቸው ዳሰሱ፣ ሽበታሙ የአባየን ትከሻ ስሞ ሄደ። ጥዱ ግን ዝም አለ። ሙጫው ደረቀ፣ ልጡ መላጥ ጀመረ። ነፋስ በመጣ ቁጥር ሽቦው ይዘፍንበታል። አባየ ሲያልፍ እንደ ድሮው በመዳፉ መታ ያደርገዋል፤ በቅዱስ ዮሐንስ ዕለት ግን ጀርባውን አላስደገፈም።

ሁለት ዓመት ያህል አልፎ አንድ ጠዋት ምሽጉ ባዶ ሆኖ አገኘነው። ሽቦው ተቆርጦ መሬት ላይ ተጠቅልሏል፤ ልጆች ቆርቆሮ ለመልቀም ተሯሯጡ። ወይራው ያን ጊዜ ከሰው ቁመት በልጦ ነበርና መንደሩ ቆሞ አየው፤ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። የሺ በራስዋ ላይ ድንጋይ ተሸክማ ይቅርታ ልትጠይቅ መጣች። አባየ ድንጋዩን አወረደላትና፣ «እኔን ምን አደረግሽኝ? ሞተ ብለሽ የዘፈንሽበት ወይራው ነው፤ ሂጅና እሱን ይቅር በለኝ በይው» አላት። ልጅቱ እውነት መስሏት ሄዳ ወይራውን ሳመችው። እኔም ብሄድ በወደድሁ፤ የእኔ ግን የሚሳም ቅጠል አልነበረውም።

ዓመታት አለፉ። እኔ በሰባት ወረዳ የምታወቅ መልማይ ሆንሁ፤ ከታች ቆሞ «ግራ እግርሽን» የሚለኝ ሰው አያስፈልገኝም ነበር። ሁለተኛ ባሌ የሮብ ገበያ ሰው ነው፤ ነፍሱን ይማርና ሰነፍ አልነበረም። ቤት ስንሠራ አባየ፣ «ምሰሶው የእኔ ነው» ብሎ ላከ። ጥዱን ጥሎ፣ በስምንት ሰው አሸክሞ፣ ራሱ ከኋላ በምርኩዝ እያነከሰ መጣ። ስናየው ምስጥ አልነካውም፣ አልበሰበሰም፤ ለተነንቴው የነገረው ሁሉ እውነት ነበር። ሰዎቹ ሊያቆሙት ሲሉ አባየ አስቁሞ ግንዱን አዟዟረው፤ ያቺ ቁርጥ ወደ በሩ እንድትዞር። ከቆመ በኋላ ሰዉ ጠላ ወዳለበት ሲሄድ፣ «ነይ፣ እጅሽን አምጭ» አለኝና አውራ ጣቴን ይዞ ቁርጧ ላይ አስቀመጠው።

«ምሽጉ ውስጥ የነበረው በቅሎ ብቻ ነው» አለ። «አንድ ላም አልነበራቸውም። እበቱን ከየት ሊያመጡት ነበር?»

ተንበረከክሁ። እግሩን ልይዝ ስል በምርኩዙ ከለከለኝ።

«ተነሽ። ያን ቀን ነው ያወቅሁት። ከታች ነክሶ፣ ዝናብ እንዳያቁር አዘንብሎ የሚቆርጥ ሰው በዚህ አገር ሁለት ነው፤ አንዱ ያን ዕለት ምሽግ ውስጥ እንጨት ይፈልጥ ነበር።»

«ለምን ዝም አሉኝ፣ አባየ?»

«ነግሬሽ ቢሆን ኑሮ አትቆርጫትም ነበር፤ ዝምታው የጀመረው ከእኔ ነው» አለ። ከዚያ ግንዱን ሽቅብ አየው፤ እኩያውን። «ደግሞ ያን ቀን ብናገርሽ ሁለተኛ ምሳር አትይዥም። ጥዱ ሞቷል። ባንድ ቀን ሁለት አልቀብርም ብየ ነው።»

ከዚያ በኋላ አርባ ዓመት ያህል ዛፍ መለመልሁ። ጉልበቴ እምቢ እስኪል ድረስ ከዛፍ ዛፍ እንደዋልሁ የሚመሰክሩልኝ ወይራዎች ዛሬም ቆመዋል። አንድ ዛፍ ከመንካቴ በፊት ሦስት ጊዜ እዞረዋለሁ፣ በተለይ በጀርባው በኩል፤ የተረፈች ቅርንጫፍ ካየሁ ደግሞ ለምን እንደቀረች ሳልጠይቅ አልቆርጣትም። ይህን ያስተማረኝ አባየ ከነገረኝ ይልቅ ዝም ያለኝ ነው።

አናጢው ሚስማሩን ነቅሎ አመጣልኝ፤ ዝጎ ቀልቷል። ከዚያ መላጊያውን አንሥቶ ጉጧ ላይ ጎንበስ አለ። «እንግዲህ እማማ፣ ይህችን ልላጫት ወይስ?»

«ተዋት፣ ልጄ» አልሁት። «የእኔ እጅ ናት።»

ልጁ ጉጧን አየ፣ እጄን አየ፣ መላጊያውን ወደ ሣጥኑ መለሰ።